እትዬ መናፈሻ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መናፈሻ» ይላታል። አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ጨርሰው አልጠፉም፤ እነሱም ግን ሲጠሯት በዚሁ ነው። ልጆች አፍ ሲፈቱ ከ«እማዬ» እና ከ«ኳስ» ቀጥሎ ይህን ስም ይይዛሉ፤ ኳሷ ኩሬው ውስጥ ስትገባ በረጅም ዘንግ ጎትቶ የሚያወጣላቸው ሌላ ሰው የለማ። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። ሃምሳ ሰባቱንም ዓመት የኖረችው በመናፈሻው በር ጥግ ባለችው አንድ ተኩል ክፍል የዘበኛ ቤት ውስጥ ነው። ተኩሏ ክፍል ወጥ ቤትም፣ መታጠቢያም፣ የመሣሪያ ማስቀመጫም ናት፤ መጥበሻው ከአካፋው ጎን ተሰቅሏል።

መናፈሻው ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ ዞሮ በሚመለስበት የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ይገኛል። ድሮ የጡብ ፋብሪካ ነበር። ለጡቡ አፈር ሲቆፈር፣ ሲቆፈር የቀረው ጉድጓድ የብዙ ክረምት ዝናብ ጠጥቶ ኩሬ ሆነ፤ ዛሬ ዳክዬዎች ይዋኙበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። የተሰባበረው ጡብ ተወቅጦ የሩጫ መንገድ ሆነ። ቀዩ አቧራ ጫማ ላይ እየተጣበቀ እያንዳንዱ ሳሎን ድረስ ስለሚገባ፣ በዚህ ሰፈር ነጭ ምንጣፍ የሚገዛ ሰው አዲስ ገቢ መሆኑ ያስታውቃል። ጡቡ ይደርቅበት የነበረው መጋዘን አዳራሽ ተብሏል። ሦስት ዥዋዥዌ አለ፤ አንዱ ሁልጊዜ የተበጠሰ ነው። ሸርተቴ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ ጡረተኞች የሚነታረኩባቸው ከሲሚንቶ የተሠሩ የዳማ ጠረጴዛዎች፣ መጸዳጃ ቤትና አንድ የውሃ ቧንቧም አሉ። የቧንቧው መክፈቻ ግን ሁልጊዜ እትዬ መናፈሻ ኪስ ውስጥ ነው፤ አለበለዚያ ልጆቹ ሜዳውን ሁለተኛ ኩሬ ያደርጉታል።

የቤቷ መስኮት በሩ ላይ ይከፈታል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስክትዘጋው ድረስ ሰው እዚያ መስኮት ላይ እንደ ፖስታ ቤት ይሰለፋል። «እትዬ፣ ፕላስተር አለሽ?» «እትዬ፣ ያቺ ዥዋዥዌ መቼ ነው የምትሠራው?» «እትዬ፣ ባለቤቴ በዚህ አልፏል?» አልፏል። ከማን ጋር እንዳለፈም አይታለች፤ ግን ዝም አይነቅዝም ብላ «እኔ እንጃ» ትላለች። እንዲህ ሆና የሰፈሩ ሁሉ ገመና ጠባቂም ሆናለች።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ላያት ሰው ሥራዋን የምትወድ ትመስላለች። ትወደውም ነበር ይሆናል፤ የመውደድና ያለመውደድ ምርጫ ኖሯት ስለማያውቅ እሷም አታውቀውም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ፋብሪካው ሲዘጋ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ባለቤቱ ቦታውን ለሰፈሩ ነዋሪ በነጻ ሰጡ፤ አባቷ የፋብሪካው ዘበኛ ስለነበሩ፣ ባለቤቱ እሳቸውን አምነው በስጦታው ወረቀት ላይ አንድ ግዴታ አስገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቃሉ በቁመት ከሰው በሚበልጥ ታፔላ ላይ ተጽፎ በበሩ አጠገብ ቆመ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፦ «ይህ ቦታ ለነዋሪው መናፈሻ እንዲሆን ተሰጥቷል። ዘበኛው ወይም ከአብራኩ የወጣ ልጅ በዘበኛው ቤት እየኖረ ይጠብቀዋል። ቤቱ ያለ እነርሱ ከሁለት ሌሊት በላይ ካደረ ቦታው ለሰጪው ወይም ለወራሾቹ ይመለሳል።»

ሁለት ሌሊት። ሦስተኛው ከመጣ ዳክዬውም፣ ሸርተቴውም፣ አዳራሹም የሉም ማለት ነው።

ሰፈሩ ወራሾቹን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ስለማያውቃቸውም እንደ ጅብ ይፈራቸዋል። በየጊዜው አንድ እንግዳ መኪና በሩ ላይ ሲቆም ጉድ ይፈላል። ወሬው በሱቆቹ ሁሉ ይዛመታል፤ የዳማ ጠረጴዛዎቹ ጭር ይላሉ። የመናፈሻው ኮሚቴ አባላት እየሮጡ መጥተው «ቤትሽ ነሽ? እቤትሽ መሆንሽን ያዩ ዘንድ እስኪ በመስኮቱ ብቅ በይ» ይሏታል። እሷም ብቅ ትላለች። እስከ ዛሬ ከእነዚያ መኪኖች የወረደ ሰው ሁሉ መጸዳጃ ቤት ፈልጎ የመጣ ነው።

እንግዲህ እንዲህ የምታስፈልግ ሰው ምን ይጎድልባታል? ጣራዋ ሲያፈስ በአንድ እሑድ ሃያ ሰው ወጥቶ ቀየረላት። ጉልበቷን ሲያማት ሐኪሙ ቤቷ ድረስ ይመጣል፤ ሆስፒታል ከገባች ያስተኟታል፣ ካስተኟት ሦስተኛው ሌሊት ይመጣል። ጎረቤት ሾርባ ሲሠራ ለእሷ ይቀዳል። በልደቷ ቀን ልጆች ይዘምሩላታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እትዬ መናፈሻን የወሰዳት ውሃ ሾርባም ነበረበት።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ታፔላው በቆመበት ወር፣ የነርሶች ማሠልጠኛ ተቀብሏት ነበር። ታላቅ እህቷ ሩቅ አገር ተድራ፣ እናቷ ሞተው፣ ቤት የቀሩት እሷና አባቷ ናቸው። ደብዳቤውን ስታሳያቸው «ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ማን ከለከለሽ!» አሉ አባቷ። ቀጥለው ደረታቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እኔ እንደሆንኩ ልቤ ደክሟል። ነገ ብደፋ፣ በሦስተኛው ሌሊት ይህ ሁሉ ሕዝብ ባንቺ ምክንያት መናፈሻውን ያጣል። ውጪና ታፔላውን አንብቢው እስቲ።» ወጥታ አነበበችው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ማሠልጠኛው ቀረ። አባቷ በዚያ በደከመው ልባቸው አሥር ዓመት ኖሩ፤ ዳማም የሚያሸንፋቸው አልነበረም።

አውቶቡስ ሾፌር አገባች። ከመጨረሻው ፌርማታ ሌላ ሰው ከየት ታመጣለች? ደግ ሰው ነበር፤ ሴት ልጅም ወለዱ። ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት እሱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና «እንሂድ» አላት። ታፔላውን አሳየችው። «እኔን ነው ያገባሽው ወይስ በሩን?» አላት። እሱም ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ያህል እየተመላለሰ ጠየቃቸው፤ ከዚያ ደብዳቤ ብቻ መጣ፤ ከዚያ ደብዳቤውም ቀረ።

እህቷ የሞተችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። እዚያ ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ ደርሶ መልሱ ብቻ ሦስት ሌሊት ይበላል። ቁጭ ብላ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ቁጥሩ አልተቀነሰም። ኮሚቴው አዳራሹን ከፈተላትና ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አብሯት አለቀሰ፤ ወንበር እስኪጠፋ ድረስ ሞላ። ይህን ያህል ሕዝብ ያዘነለት ሰው አይታ አታውቅም። ግን ሬሳ በሌለበት፣ መቃብር በሌለበት፣ የሠርግ ጌጥ ገና ከጣራው ላይ ባልወረደበት አዳራሽ እህቷን ቀበረች። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጣታል።

ልጇ አድጋ መምህርት ሆነች፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። እናቷ ምረቃዋ ላይ ሁለት ሌሊት፣ ሠርጓ ላይ ሁለት ሌሊት አድራላታለች። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁለት ሌሊት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቅ ከዚያ በላይ ጠይቃት አታውቅም። ባለፈው ወር ግን ደወለች።

«እማዬ፣ ጠይቄሽ አላውቅም፤ አይደል?»

«ምን ሆነሻል?»

«ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርጂ ብሎኛል። ሰባተኛ ወሬ ነው። ከተንቀሳቀስኩ ሕፃኑ ይወጣል ይላል። ባለቤቴ መርከብ ላይ ነው፤ እስክወልድ አይደርስም። ጎረቤት ውሃ ታቀብለኛለች፤ ግን ለሥራ ስትወጣ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻዬን ነኝ። ነዪልኝ።»

እትዬ መናፈሻ ስልኩን ዘጋች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። እዚህ ቤቱ ባዶ ካደረ የሰፈሩ ሁሉ መናፈሻ ይሄዳል፤ እዚያ ካልደረሰች ልጇ ብቻዋን ተጋድማ ምን እንደምትሆን አይታወቅም። በማግስቱ ኮሚቴው ዘንድ ቀረበች።

ኮሚቴው የአርባኛ ዓመቱን በዓል ሊያከብር ሳምንታት ቀርተውት ሽር ጉድ ላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ መድኃኒት ቀማሚ ናቸው፤ ማንኛውንም ነገር እንደ ሽሮፕ በልክ እየቀዱ የሚናገሩ ጨዋ ሰው። ጥያቄዋን ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

«እህቴ፣ ይህ እኮ ችግር አይደለም፤ ደስታ ነው! አንቺ ለምን ትሄጃለሽ? ልጃችንን እናመጣታለን።»

«ጋሼ፣ ከአልጋ እንዳትወርድ ተብላለች እኮ።»

«በአምቡላንስ! ተኝታ፣ ቀስ ብሎ እየተነዳ!»

ሌሎቹም ነገሩን ከእጃቸው ተቀበሏቸው። አንዱ ትልቋን ክፍል ቀለም ሊቀባ፣ ሌላው አልጋ ሊያመጣ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ የሕፃን ልብስ ልትሰበስብ ቃል ገቡ። ከመሐላቸው አንዱ በሆዱ ያለውን አወጣው፦ «እንዲያውም ልጅቷ ከመጣች እዚሁ ትቅር። እትዬም እኮ እየደከመች ነው። ሕፃኑም እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያድጋል፤ ለሚቀጥለው ሃምሳ ዓመት ሐሳብ የለብንም ማለት ነው።» ሁሉም አጨበጨቡ።

እትዬ መናፈሻ አላጨበጨበችም። ወንበሩን ይዛ ቆመች። ገና ያልተወለደ ልጅ፣ ወንድ ይሁን ሴት ያልታወቀ፣ ከወዲሁ በር ላይ አስቁመውታል። ደግሞ ክፋት የለባቸውም! ክፋት ቢኖርባቸው ተሳድባ ትወጣ ነበር። ይወዷታል፤ ልጇንም ገና በሕፃንነቷ በየተራ አዝለዋታል። የሚወድን ሰው «እምቢ» ለማለት ምን ዓይነት አፍ እንደሚያስፈልግ አልተማረችም። «ላስብበት» ብላ ወጣች፤ እነሱም እሺታ አድርገው ወሰዱት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ታፔላ ጻፊው መጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰፈሩ «ጋሽ ቀለም» ነው የሚላቸው። የዚያን ታፔላ ጽሑፍ በጎልማሳነታቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ለበዓሉ እንዲያድሱት ኮሚቴው ለምኗቸው እጄ ይንቀጠቀጣል እያሉ እሺ ብለዋል። እትዬ መናፈሻ ወንበር አወጣችላቸው፣ ሻይ አፈላችላቸው፣ መሰላሉን ያዘችላቸው። አሮጌውን ቀለም ፍቀው፣ ነጩን ቀብተው፣ በእርሳስ መስመር ማስመር ጀመሩ። ከዚያ ወደ ታች ተመለከቷትና እንደ ቀላል ነገር ጠየቋት።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ዛሬ ልጨምራት ወይስ እንደ ድሮው ትቅር?»

«የቷን መስመር?»

«የሰባት ዓመቷን ነዋ።»

እትዬ መናፈሻ መሰላሉን እንደያዘች ቀና አለች። «የምን ሰባት ዓመት?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱ። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አስገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «አባትሽ አልነገሩሽም?»

«ምኑን?»

«እኔ ላይ ቆመው እኮ ነው ወረቀቱን መስመር በመስመር ያነበቡልኝ። መጨረሻዋ ላይ ስንደርስ ‘እስከዚህ ይብቃህ’ አሉኝ። ‘ኧረ ቦታ አለኝ’ አልኳቸው። ‘የቦታ ነገር አይደለም፤ ቀን የሚቆጥር ሰው አይጠብቅም። ልጄ ልትሄድብኝ ነው’ አሉኝ።» ሽማግሌው እጃቸውን አፋተጉ። «ግዴታው የሰባት ዓመት ነበር። ሰባቱ ሲያልቅ ቦታው የሕዝቡ ነው፤ ያለ ምንም ግዴታ። እኔማ የሰው ቤት ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጊዜው ሲደርስ ይነግሯታል ብዬ። ከዚያ በኋላ እንደተቀመጥሽ ሳይሽ ወደሽው መሰለኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው። ሰውዬው ለአርባ ዓመት በየቀኑ በመስኮቷ ሲያልፉ «እንደምን አደርሽ» ብለዋታል፤ ከመስኮቷ ሃያ እርምጃ ርቀው ዳማ ተጫውተዋል፤ ለእህቷ ለቅሶ መጥተው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። በሆዳቸው ይዘውት የነበረውን ነገር ግን ዋጋ ያለው ነገር ነው ብለው አላሰቡትም።

እትዬ መናፈሻ መሰላሉን ለቃ ወደ አዳራሹ ሄደች።

ዋናው የስጦታ ወረቀት በኮሚቴው ክፍል ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል። አባቷ ናቸው አስገብተው የሰቀሉት። እስከ ዛሬ አውርዶ ያነበበው የለም፤ ውጭ ታፔላው በትልቁ ተጽፎ ቆሞ ሳለ ማን በዚያች ደቃቅ የታይፕ ጽሑፍ ዓይኑን ያደክማል? ሦስት ሊቀመንበሮች ጀርባቸውን ለእሱ ሰጥተው ስብሰባ መርተዋል። አወረደችውና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የኋላውን ሚስማሮች በገበታ ቢላዋ አንድ በአንድ ነቀለች። ወረቀቱ ከታች በኩል ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ከመቆየት የተነሣ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ዘረጋችው።

«ይህ ግዴታ ለሰባት ዓመት ይጸናል። ከዚያ በኋላ ቦታው ለዘለቄታው የነዋሪው ይሆናል።»

ሃያ አራት ዓመቷ ላይ ማለት ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ላይ ሾፌሩን ገና አላወቀችውም፣ ልጇን አልወለደችም፤ ማሠልጠኛው ያኔም ቢሆን ተማሪ ይቀበል ነበር። እህቷ ገና ሃያ ሁለት ዓመት የምትኖር ሰው ነበረች። ይህን ስታስብ ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት የምትጣላው ሰው ማጣቷ ነው። አባቷ ላይ መጮህ ፈለገች፤ እሳቸው ግን ከተቀበሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ጠረጴዛው ምን አደረጋት።

ሊቀመንበሩ ድምፁን ሰምተው ገቡ። ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው አነበቡት፤ አንብበው ሲጨርሱ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እህቴ፣ እንዳላወቅሁ እመኚኝ።»

«አምንዎታለሁ ጋሼ።»

እውነታቸውን ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ግን ሰው ናቸውና ትንሽ ቆይተው ልካቸውን አገኙ። «ምናልባት… እስከ በዓሉ ለማንም ባንናገርስ? ሰው ምን ይላል? አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ታፔላ ሲያነብ ኖሮ!»

«ሰው ምንም አይልም። ሰው ኳሱን ነው የሚጠይቀው።»

«ታዲያ ማን ይጠብቅልናል?» አሉ። ተንኮል አልነበረበትም፤ እንደ ልጅ ነበር የጠየቋት።

«ሰው ቅጠሩ» አለች እትዬ መናፈሻ።

ሁለት ቃል ናት። ከአፏ ስትወጣ ራሷም ደነገጠች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ተናግሯት አያውቅም። ሊቀመንበሩም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መድኃኒት ቤታቸው ለአንድ ሳምንት ዘበኛ አጥቶ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቀን ላይ ቀጥረው ነበር።

ስትወጣ ታፔላ ጻፊው አሁንም ወንበሩ ላይ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። «ልጨምራት?» አሏት። «ይጨምሯት» አለች። ይቅርታ አልጠየቋትም፤ እሷም ይቅርታ የሚቀበል ሆድ አልነበራትም፤ ሻያቸውን ግን ቀዝቅዟል ብላ ደፍታ ሌላ ቀዳችላቸው። ልማድ ክፉ ነው።

አመሻሽ ላይ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ፣ ለልጇ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ታፔላውን፣ ጋሽ ቀለምን፣ ሰባቱን ዓመት። ልጅቷ አላቋረጠቻትም። የምታለቅስ ወይም የምትቆጣ መስሏት እናት ጠበቀች። በመጨረሻ የመጣው ድምፅ የተረጋጋ ነበር።

«እማዬ፣ ያንን ፍሬም ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወለውዪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንበብ ትችያለሽ።»

«እችላለሁ።»

«እና?»

አባቴ ማለት ትችል ነበር። ኮሚቴው፣ ወራሾቹ፣ ሽማግሌው፣ ጣት የሚቀሰርበት ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ላይ ቢቀሰር ሐሰት አይሆንም። ግን ልጇ ናት የጠየቀቻት፤ አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ሆዷን በእጇ ይዛ፤ አራት ዓመቷ ላይ አባቷን በዚያ በር የሸኘች ልጅ ናት። እትዬ መናፈሻ በሕይወቷ ለራሷም ተናግራው የማታውቀውን ተናገረች።

«መታጠፉን አይቼዋለሁ። አክስትሽ በሞተች ሰሞን መስታወቱን ስወለውል አየሁት። ከታች ጠርዙ ወፍሮ ነበር። ልፈታው ሚስማሩን ነክቼ ተውኩት። ምንም ባይኖርስ ብዬ ፈራሁ። የሆነ ነገር ቢኖርስ ብዬ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። እሷን ሳልቀብር ቀርቼ፣ መሄድ እችል ነበር የሚል ወረቀት ባገኝ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ? ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ላይ ላዩን ነው የወለወልኩት።»

አሥራ አንድ ዓመት። ምረቃዋም፣ ሠርጓም ከዚያ በኋላ ነው የሆኑት። ልጅቷ ስትቆጥር እናቷ ከዚህ ሆና ሰማቻት።

«አሁንስ ትፈሪያለሽ?» አለች ልጅቷ።

«እፈራለሁ። የበሩን ቁልፍ ካልያዝኩ የት እንደምቆም አላውቅም።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች ልጅቷ፤ አሁን ድምፅዋ ተሰበረ። «ተቆጥቼሻለሁም፤ እንዲህ በቀላሉ አይወጣልኝም። ግን ነዪ። እየፈራሽ ነዪ።»

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። በሩን በዚያ ጠዋት ማን እንደከፈተው አልጠየቀችም።